ከአሮጌ የፒካፕ ካፕ የካምፒንግ ተሳቢ ልሠራ ነው፣ የሠራችሁ ካላችሁ ምክር ስጡኝ

የቄራው ልጅ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጎረቤቴ ፒካፑን ሸጦ ጀርባው ላይ የነበረው የፋይበር ግላስ ካፕ (የጭነቱን ቦታ የሚሸፍነው ክዳን) አጥር ሥር ወድቆ ከረመ። ባለፈው ሳምንት «ከፈለግከው ውሰደው፣ ካልሆነ ቆሻሻ ላይ ልጥለው ነው» አለኝ። ወሰድኩት። አሁን ጓሮዬ ውስጥ አራት ብሎኬት ላይ ተቀምጧል። አንዱ የጎን መስኮት ተሰንጥቋል፤ የኋላው መስታወት ግን ደህና ነው፣ ወደ ላይ ከፍ አድርገው የሚይዙት ሁለቱ ማንሻዎችም ይሠራሉ። ጣራው ላይ አረንጓዴ ሻጋታ ነበረበት፣ በሳሙናና በብሩሽ ስፈትገው ለቀቀ። ለካሁት፦ ርዝመቱ 80 ኢንች፣ ወርዱ ከታች 68፣ ከፍታው 24።

ሐሳቤ ይህን ካፕ 4 በ8 ጫማ ተሳቢ ላይ ገጥሜ እኔ፣ ባለቤቴና የአራት ዓመት ልጃችን የምንተኛበት ነገር መሥራት ነው። ድንኳን ሞክረናል። ባለፈው ሰመር ሸናንዶዋ ፓርክ ሄደን ሌሊቱን ሙሉ ዘነበብን፣ ፍራሹ ከሥር ውሃ ጠጣ፣ ልጄ «ቤታችን እንሂድ» እያለች ስታለቅስ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉን ትተን መኪና ውስጥ ገባን። ግን ጠዋት ላይ ጭጋጉ ከሸለቆው ሲነሳ ያቺው ልጅ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ አጋዘን ስትቆጥር ነበር። ስለዚህ መተው አልፈልግም። ፎቅና መኪና ብቻ እያየች እንድታድግብኝ አልሻም። ተሠርቶ የሚሸጠውን ትንሽ ካምፐር ዋጋ ጠየቅኩ፣ አልቻልኩትም።

መኪናዬ ቶዮታ ሲዬና ናት፣ እስከ 3,500 ፓውንድ ትጎትታለች። የእንጨት ሥራ ትንሽ እችላለሁ። ብየዳ አልችልም። ያስቸገረኝ ይህ ነው፦ ተሳቢው ወርዱ 48 ኢንች፣ ካፑ 68። በግራም በቀኝም 10 10 ኢንች ይተርፋል፣ ጎማውም ያለው እዚያው ነው። እንዴት አድርጋችሁ ነው የምታስቀምጡት? በሩንስ ከጎን ልቁረጥ ወይስ ከኋላ ይሁን? ታርጋስ? ከሁሉ በላይ ደግሞ የሠራ ሰው «ይህን መጀመሪያ ባውቅ ኖሮ» የሚለውን ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።


ኩሽኔታ (ሜሪላንድ)

ወንድሜ፣ ጥሩ ዕቃ ነው ያገኘኸው። እኔ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ነው ያደግኩት፣ እዚህም እንጀራዬ ያው ነው። በካፕ ሁለት ተሳቢ ሠርቻለሁ፣ አንዱን ለራሴ አንዱን ለወንድሜ።

መጀመሪያ ስለ ወርዱ። ከሻንሲው (ከተሳቢው የብረት አካል) ላይ 48 ኢንች ወርድ ያለው ሳጥን አውጣ። ግድግዳው 12 ኢንች ከፍ ሲል ከጎማው በላይ ትሆናለህ፣ እዚያ ላይ በሁለቱም ጎን 10 10 ኢንች ወደ ውጭ አስፋው፣ እንደ መደርደሪያ ማለት ነው። ከዚያ ግድግዳውን ሌላ 16 ኢንች አንሳና ካፑን ላዩ ላይ አስቀምጥ። ጥቅሙን እየው፦ ፍራሹን በሰፊው ወለል ላይ ትዘረጋለህ። የኩዊን ፍራሽ 60 በ80 ነው፣ ካንተ ካፕ ርዝመት ጋር ልክክ ይላል። ከፍራሹ ሥር ደግሞ 12 ኢንች ጥልቀት ያለው ዕቃ ማስቀመጫ አገኘህ። ፍራሹ 4 ኢንች ከሆነ ከራስህ በላይ 36 ኢንች ይቀርሃል፣ ቁጭ ብለህ ልብስ መልበስ ትችላለህ። የሰፋው ክፍል ከጎማው ጋር እንዳይገናኝ ብቻ ተጠንቀቅ። ባዶውን ቆሞ ስታየው ክፍተቱ ሰፊ ይመስልሃል፣ ጭነህ ጉድጓድ ላይ ስትወድቅ ባሌስትራው ተለጥጦ እንጨቱ ጎማውን ይልሰዋል። ቢያንስ 3 ኢንች ተው።

በሩ ከኋላ ይሁን። የካፑን ጎን አትቁረጠው። ፋይበር ግላስ ጥንካሬው ሙሉ ቅርጹ ላይ ነው፣ አንዴ ከተቆረጠ በየመንገዱ ይላወሳል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። መስታወቱ ወደ ላይ ይከፈት፣ ከሥሩ በኮምፔንሳቶ ወደ ታች የምትከፈት አጭር በር ሥራለት።

ብየዳ አያስፈልግህም። ሃርበር ፍሬይት የሚባለው የመሣሪያ መደብር የሚሸጠው ታጣፊ 4 በ8 ሻንሲ ሁሉም ነገሩ በብሎንና በዳዶ ነው የሚታሰረው። ባለ 12 ኢንች ጎማውን ያዝ፣ 1,720 ፓውንድ ይሸከማል። ለታርጋም የሚያቀልልህ ይኸው ነው፣ አዲስ ሲገዛ የአምራቹ ሰነድ አብሮት ስለሚመጣ የምታስመዘግበው ተራ ተሳቢ ብለህ ነው። አሮጌ ሻንሲ በርካሽ ካገኘህ ግን ታይትሉን (የባለቤትነት ወረቀቱን) በዓይንህ ሳታይ አምስት ሳንቲም አትክፈል። እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ሕግ አለው፣ ዲኤምቪ (የመኪና ምዝገባ ቢሮ) ደውልና ጠይቅ፣ የገዛኸውን ሁሉ ደረሰኝ አስቀምጥ።

የጎማውን ኩሽኔታ አዲስ ነው ብለህ አትመነው። ፍታው፣ ጥሩ ግራሶ ሙላበት፣ መልሰህ ግጠመው። ትንሽ ጎማ ከመኪናህ ጎማ በጣም ፈጥኖ ነው የሚዞረው፣ በዚያው ልክ ይሞቃል። መንገድ ላይ ነዳጅ ልትቀዳ ስትቆም መዳፍህን ወደ ጎማው መሃል አስጠጋ። ሞቅ ካለ ደህና ነው። እጅ የማያስይዝ ከሆነ ከዚያ አትነቃነቅ።

መብራቱ አራት ሽቦ ነው። ነጩ ኔጌቲቭ፣ ቡናማው የኋላ መብራት፣ ቢጫው የግራ ፍሬቻና ፍሬን፣ አረንጓዴው የቀኙ። ነጩን ቀለም ላይ አትሰረው፣ ብረቱን እስኪያበራ ፍቀህ እሰረው። ተሳቢ መብራት አበደ ሲሉህ ዘጠና በመቶው ጊዜ የነጩ ሽቦ ጣጣ ነው።

ስለ ውሃ ደግሞ፦ ካፑ የሚቀመጥበት ጠርዝ ላይ ዙሪያውን ጥሩ የጎማ ጓርኒሲዮን አድርግ። መስኮትና ብሎን የሚገባበት ቦታ ሁሉ ላይ ቡቲል ቴፕ (እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ማሸጊያ) ተጠቀም። ሲሊኮን አትንካ። ሲሊኮን መጀመሪያ ያምራል፣ ሲላቀቅ ግን በላዩ ላይ ቀለምም ሌላ ማሸጊያም አይዝልህም፣ ጨርሰህ ፍቀህ ካላነሳኸው መፍትሔ የለውም። ከፊት ያለችው ትንሽ መስኮት ዋና ጠላትህ ናት። ፒካፕ ላይ ሳለች ከሹፌሩ ካቢን ኋላ ተከልላ ነበር፣ አሁን በ60 ማይል ፍጥነት ዝናቡን ፊት ለፊት ልትቀበል ነው። አውጥተህ በላሜራ ድፈናት። ኮምፔንሳቶውን ከሥርም ከላይም ቀለም ቀባው፣ የተቆረጠውን ጫፍ ደግሞ ሁለት ሦስት ጊዜ። ውሃ የሚገባው በጫፉ ነው።

ፋይበር ግላስ ስትበሳ ማስክ አድርግ፣ እጅጌህን ዝጋ። ብናኙ ቆዳ ውስጥ ገብቶ ሳምንት ያሳክካል፣ ሳንባ ውስጥ ደግሞ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስበው። ልጅቷን ያን ቀን ጓሮ አታውጣት።


ባለ 18 ጎማ (ዴንቨር)

ጋሽ ኩሽኔታ ሁሉንም ብለውታል። እኔ አንድ ነገር ልጨምር፣ ክብደት።

የኔን የሠራሁት ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ወጥ ቤቱን ከኋላ አደረግኩት፣ ሁሉም ሰው እንደዚያ ስለሚያደርገው። 15 ጋሎን ውሃ፣ ምድጃ፣ የምግብ ሣጥን፣ ሁሉም ከአክስሉ (ሁለቱን ጎማዎች ከሚያገናኘው ዘንግ) በስተኋላ። አንድ ጋሎን ውሃ 8.3 ፓውንድ ነው፣ አስበው፣ ውሃው ብቻ 125 ፓውንድ ገደማ። ከተራራ ስመለስ በአይ 70 አውራ ጎዳና አይዘንሃወር ዋሻን አልፌ ቁልቁለቱን ስጀምር አንድ ትልቅ ትራክ በጎኔ አለፈ። ነፋሱ ተሳቢውን ገፋው። ተሳቢው ግራ ቀኝ መወዛወዝ ጀመረ፣ ከዚያ መኪናዬን ራሷን ይዟት ይወዛወዝ ጀመር። እኔ እኮ ሥራዬ ትራክ መንዳት ነው፣ ያን ቀን ግን እጄ ላብ በላብ ሆነ። ከኋላ ወንበር ሁለቱ ልጆቼ ነበሩ።

እንዲህ ከገጠመህ ፍሬን ደፍረህ አትርገጥ። እግርህን ከነዳጁ አንሳ፣ መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ ራሱ ቀስ እያለ ይረጋጋል። መወዛወዙን ተከትለህ መሪ ካዞርክ ይብስበታል።

ቤት ስደርስ የሰውነት መመዘኛ ሚዛን አውጥቼ የተሳቢውን አፍንጫ ማለትም መኪናው ላይ የሚቀመጠውን ጫፍ መዘንኩት። 70 ፓውንድ። ሙሉ ተሳቢው ዕቃው እንዳለ 1,100 ፓውንድ ነው። አፍንጫው ላይ ማረፍ ያለበት ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው፣ ስለዚህ ለኔ ከ110 እስከ 165 መሆን ነበረበት። ባትሪውንና የምግብ ሣጥኑን ወደ ፊት አመጣሁ፣ ውሃውን አክስሉ ላይ አደረግኩት፣ 140 ሆነ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልተወዛወዘም፣ ያንኑ ቁልቁለት ስንት ጊዜ ወርጄዋለሁ።

አንተ ደግሞ ዕድለኛ ነህ። ተሳቢህ 96 ኢንች፣ ካፕህ 80። የተረፈችህን 16 ኢንች ከኋላ እንዳታባክናት። ካፑን ወደ ኋላ ጫፍ አስጠጋና 16ቱን ከፊት ሣጥን አድርጋት፣ ባትሪው እዚያ፣ ምድጃው እዚያ። ስትሰፍር በሣጥኑ ክዳን ላይ ታበስላለህ። ግን ሁሉም ካለቀ በኋላ ለካምፕ እንደምትሄደው አድርገህ ሞልተህ መዝነው፣ ባዶውን መመዘን ዋጋ የለውም። አጠቃላዩን ለማወቅ ትራክ ማቆሚያዎች ጋ ያለው የካት ሚዛን አለ፣ ትራክ የሚነዳ ዘመድ ካለህ ያሳይሃል፣ በትንሽ ገንዘብ ወረቀት አውጥቶ ይሰጥሃል።

ሌላው ጎማው ነው። የተሳቢ ጎማ ብዙ ጊዜ ከ65 ማይል በላይ አይነዳበትም፣ ጎኑ ላይ የተጻፈውን አንብብ። ተሳቢውን ከመኪናው ጋር የሚያያይዙትን ሰንሰለቶች ደግሞ ከሥር አመሳቅለህ እሰራቸው፣ አፍንጫው ቢላቀቅ መስቀሉ ላይ ያርፋል እንጂ አስፋልት አይወጋም።


የሶልያና እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እኔ እንኳን ስለ ሻንሲ አላውቅም፣ ባለቤቴ ነው የሠራው። እኔ የምነግርህ ውስጡ መተኛት ምን እንደሚመስል ነው።

የመጀመሪያው ሌሊት ብርድ ነው ብለን መስኮቱን ሁሉ ዘጋን። ጠዋት ስነሳ ጣራው በሙሉ ጠብ ጠብ ይላል፣ የልጄ ፀጉር ርሷል። ዝናብ የገባ መስሎን ግማሽ ቀን ቀዳዳ ስንፈልግ ዋልን። ቀዳዳ የለም። የራሳችን ትንፋሽ ነው። ፋይበር ግላሱ ከውጭ ይቀዘቅዛል፣ ትንፋሹ ላዩ ላይ ውሃ ይሆናል። አሁን ጣራው ላይ ትንሽ አየር ማውጫ ፋን አለን፣ ቀዳዳው 14 በ14 ኢንች ነው፣ ባለቤቴ ከውስጥ በእንጨት ፍሬም አጠናክሮታል ምክንያቱም ካፑ ስስ ነው። ጣራውን በአንድ ኢንች ፎም አልብሶ ምንጣፍ ለጠፈበት። መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ክፍት እንተዋለን፣ በብርድም ቢሆን። ብርድ ልብስ መጨመር ይሻላል።

አሁን እባክህ ይህን ልብ ብለህ ስማኝ። እኛ ሰዎች ካምፕ ስንሄድ ከሰል እንይዛለን። ጀበና አለ፣ ሥጋ አለ። ማታ ከሰሉ ፍም ሆኖ ሲቀር ጭስ የለውም፣ ሙቀቱ ደግሞ ያባብላል። አገር ቤት በክረምት ከሰል አስገብተው በር ዘግተው የተኙ ሰዎች ምን እንደሆኑ ሁላችንም ሰምተናል። ያቺ ካፕ ከአንድ ትንሽ ክፍል በጣም ታንሳለች። ፍሙ ሽታ የለውም፣ አያስነጥስህም፣ ዝም ብሎ ያስተኛሃል። ከሰልም ሆነ የጋዝ ምድጃ ለአምስት ደቂቃ እንኳን ወደ ውስጥ አታስገባ። ባትሪ የሚወስድ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ግዛና ትራስህ አጠገብ ስቀለው፣ ከፍራሹ በፊት ግዛው።

ሸናንዶዋ ስትሄድ ደግሞ ድብ አለ። ምግብ ተሳቢው ውስጥ ይዘህ አትተኛ፣ ሲዬናዋ ውስጥ ቆልፍበት። እኛ እዚያው ፓርክ ውስጥ ያለው ቢግ ሜዶውስ የካምፕ ቦታ ነው የምንሄደው። የፓርኩ መንገድ ስካይላይን ድራይቭ 105 ማይል ነው፣ ከ35 ማይል በላይ አይነዳበትም፣ ለተሳቢ ተስማሚ መንገድ ነው። ጠዋት ቡናው ሲቆላ ከጎን ያሉት ሰዎች አንድ በአንድ ይመጣሉ፣ ሦስት ስኒ ይዘህ አትሂድ፣ አሥር ያዝ።


የቄራው ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሽ ኩሽኔታ፣ የመደርደሪያው ሐሳብ ሁሉን ፈታልኝ፤ ትናንት ማታ ወረቀት ላይ ሳልኩትና ለባለቤቴ አሳየኋት፣ ከፍራሹ ሥር ያለውን ቦታ ወዲያው ለልጅቷ ልብስና መጫወቻ ያዘችው። ባለ 18 ጎማ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ወጥ ቤቱን ከኋላ ነበር የሳልኩት። አጥፍቼዋለሁ። 16ቱ ኢንች ከፊት ሣጥን ይሆናል። የሶልያና እናት፣ አላርሙን ዛሬ ከሥራ ስወጣ ገዝቼ ገባሁ፣ እስካሁን ከገዛሁት የመጀመሪያው ዕቃ እሱ ነው።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ካፑ ከግድግዳው ጋር በብሎን ይታሰር ወይስ ፒካፕ ላይ በሚያዝበት መቆንጠጫ? ቅዳሜ ሻንሲውን ልገጥም ነው፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ እንጨቱን።


ኩሽኔታ

በብሎን። በእያንዳንዱ ጎን አራት፣ ከፊት ሁለት፣ ከውስጥም ከውጭም ሰፊ ሮንዴላ አድርግበት፣ ሥሩ ቡቲል። ጓርኒሲዮኑ ተጨቁኖ ግማሽ እስኪሆን እሰርና አቁም፤ ከዚያ በላይ ካጠበቅክ ፋይበር ግላሱ ከብሎኑ ቀዳዳ ተነስቶ ይሰነጠቃል። መቆንጠጫው ለፒካፕ ነው፣ በእንጨት ላይ እየላላ ያስቸግርሃል።

ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ። አድራሻህን በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ ኩሽኔታውን አብረን እንሞላዋለን። የጎማዎቹን ዳዶ ደግሞ መጀመሪያ ስትወጣ እሰር፣ 50 ማይል እንደሄድክ ቆመህ ደግመህ እሰር።