ጥቆማ፦ ከአዳማ ለሚመላለስ መኪና ቀለሙን ከጠጠር የሚያድነው የቱ ነው?

የጎረቤቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት መኪና ገዛ። ነጭ ኮሮላ፣ ያገለገለች ግን ንጹሕ። በሦስተኛው ቀን በሬን አንኳኳ። «ጋሼ፣ ኮፈኑን እስቲ ይዩልኝ» አለኝ። ወጥቼ አየሁ። አምስት ቦታ ቀለሙ ተፈንቅሏል። ወለንጪቲ ደርሶ ሲመለስ ጠጠር የጫነ ሲኖትራክ ከፊቱ ነበር። ሸራ የሚባል ነገር አላለበሰም።

ከዚያ ወዲህ ልጁ ያልጠየቀው ሰው የለም። ላቫጆው «ሴራሚክ ተቀባ» አለው። የጌጣጌጥ ሱቁ «ላስቲክ እናልብስልህ» አለው። አጎቱ ደግሞ «ሰም ይበቃሃል» አሉት። እኔ ሦስቱንም በራሴ ኪስ ሞክሬያቸዋለሁ። ለእሱ ብቻ ከምነግረው እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው።

አዳማ ላይ መኪናን የሚጎዱት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱ አቧራ ነው። ከከተማው ዳር ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩት የነፋስ ማማዎች ለጌጥ አልተተከሉም፤ ነፋሳችንን ታውቁታላችሁ። አቧራው ቀለሙ ላይ ይተኛል፤ በደረቅ ጨርቅ ስትጠርጉት ይጭራል። ሌላው ጠጠር ነው። ወደ ጅቡቲ የሚመላለሰው አብዛኛው ከባድ መኪና በዚሁ ያልፋል፤ በጥንድ ጎማው መሐል የተቀረቀረ ድንጋይ ደግሞ መንገድ ላይ ነው የሚፈናጠረው። ለአቧራው የሚሆነው መድኃኒት ለጠጠሩ አይሆንም። ሻጮች የሚያምታቱን እዚህ ላይ ነው።

ሴራሚኩን እንይ፤ ቀለሙ ላይ የሚቀባ መከላከያ ፈሳሽ ነው። ከፋብሪካ የወጣ የመኪና ቀለም ከነሥሩ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ገደማ ውፍረት አለው፤ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። ሴራሚክ ከላዩ የሚጨምረው አንድ ሁለት ማይክሮን ነው። «9ኤች ነው፣ እንደ ብረት ይጠነክራል» ይሏችኋል። 9ኤች የእርሳስ ጥንካሬ መለኪያ ነው። በእርሳስ ቢጫር አይጫርም ማለት እንጂ ድንጋይ ይመልሳል ማለት አይደለም። ያም ሆኖ ሴራሚክን አልጠላውም። ውሃው ኮፈኑ ላይ ድቡልቡል ብሎ ይንከባለላል፤ አቧራው በትንሽ ውሃ ይለቃል። መኪናው ከከተማ ለማይወጣ ሰው ጥሩ ነገር ነው። ለልጁ ግን አይሆንም።

ሰም? የአጎት ምክር ይከበራል፤ ግን በአዳማ ፀሐይ ዕድሜው ሳምንታት ነው። ለማብረቅ ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ፒፒኤፍ የሚሉት ግልጽ ላስቲክ ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ከ150 እስከ 200 ማይክሮን ነው። ከቀለሙ ራሱ ይወፍራል፤ ይለጠጣልም። ጠጠሩ ሲያርፍበት ምቱን ይውጠዋል። ትልቅ ድንጋይ ከመጣ እሱም ይቀደዳል፤ ተአምር አይደለም። ግን ከሦስቱ ለጠጠር ተብሎ የተሠራው እሱ ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ያስለጠፍኩት እዚሁ ከተማ፣ በር በሌለው የቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው። ስሙን አልናገርም፤ ሰውዬው ክፉ አልነበረም። ቀትር ላይ ነፋሱ ተነሳ። ላስቲኩ ገና እርጥብ ሳለ አቧራው ከሥሩ ገባ። ኮፈኔ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። በዚያ ላይ ዓመት ሳይሞላው ቢጫ ሆነ። በኋላ ሳጣራ ፒቪሲ የሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት ኖሯል። ርካሹ ይኸው ነው፤ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ይሰነጣጥቀዋል። የሚፈለገው ቲፒዩ የሚባለው ነው።

እንዴት ትለዩታላችሁ? ካርቶኑ ላይ ያለውን ስም አትመኑ፤ ታዋቂ ስም ያለበት ካርቶን ማሳተም ቀላል ነው። ቁራጭ ለምኑ። ሳቡት። ቲፒዩ እንደ ላስቲክ ተለጥጦ ይመለሳል፤ ፒቪሲ እንደተለጠጠ ይቀራል። በስሱ ጫር አድርጋችሁ ሙቅ ውሃ አፍስሱበት፤ ጥሩ ቲፒዩ ጭረቱን ራሱ ይውጠዋል። ቁራጭ የማይሰጥ ሱቅ ካጋጠማችሁ ሰላምታ ሰጥታችሁ ውጡ።

ሁለተኛውን አዲስ አበባ ወስጄ አስለጠፍኩ፣ በሩ በሚዘጋ፣ ወለሉ እርጥብ በሆነ ክፍል። ሁለት ቀን ፈጀ፤ ዋጋውም ከአዳማው ጋር አይወዳደርም። ግን ዛሬም አለ። አዳማ ውስጥ በር ዘግቶ የሚሠራ ካገኛችሁ አዲስ አበባ ድረስ አትድከሙ። የምትጠይቁት ይህን ነው፦ ላስቲኩን በማሽን ቆርጣችሁ ነው ወይስ መኪናው ላይ በምላጭ? መኪናው ላይ የሚቆርጥ ሰው እጁ ከከበደ ምላጩ ቀለሙን ይሰነጥቃል፤ ያ ስንጥቅ የሚታያችሁ ላስቲኩ የተነሳ ቀን ነው። ጠርዙን ወደ ውስጥ ታጥፋላችሁ ወይ በሉም። ያልታጠፈ ጠርዝ አቧራ ይሰበስባል፤ ላቫጆ ላይ የውሃው ግፊት ይገሸልጠዋል።

ሙሉ መኪና አታልብሱ። ኮፈን፣ የፊት ፓራውልት፣ የፓራፋንጎው የፊት ክፍል፣ ስፖኪዮ፣ ከፊት ጎማ ጀርባ ያለው የበሩ ታችኛ ጠርዝ። ድንጋዩ ወደ ጣሪያችሁ እምብዛም አይወጣም።

ያገለገለ መኪና ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር፤ ልጁንም የሚመለከተው ይኸኛው ነው። አብዛኛው መኪናችን አንድ ቀን ላሜራ ቤት ገብቷል። ድጋሚ የተቀባ ቀለም በደንብ ካልያዘ፣ ላስቲኩ ሲነሳ ቀለሙን ይዞት ይነሳል። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ኮፈኑ ላይ አስኪዱት። ላላ ካለ ሥሩ ስቱኮ አለ ማለት ነው። አዲስ የተቀባም ከሆነ ቢያንስ ወር ያህል ይድረቅ።

የኮፈን ልብስ የሚባለውን ጥቁር ሽፋን እርሱት። አቧራ ከሥሩ ይገባል፣ ነፋሱ ያርገበግበዋል፣ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል። በአንጻሩ ከጎማ ጀርባ የምትንጠለጠለዋ የጭቃ ጎማ በጣም የተናቀች ነገር ናት። ዋጋዋ ከሁሉም ያነሰ ነው፤ የራሳችሁን በር ትጠብቃለች፣ ከኋላችሁ ያለውንም ሰው።

ርቀት ደግሞ በነፃ ነው። በ2007 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የፍጥነት መንገድ እስከ 120 ያስኬዳል። በ80 የመታችሁ ጠጠርና በ120 የመታችሁ ግን አንድ አይደሉም፤ የምቱ ጉልበት ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ሲኖትራክ ከፊት ካለ ወይ እለፉት፣ ወይ ራቁት። መሐሉ ላይ ተለጥፎ መሄድ ነው ጣጣው።

ለተፈነቀለው ቀለም ላስቲክ አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ቁስሉ ይዘጋ። ኮፈን ብረት ስለሆነ ክረምት ሳይገባ ዝገት ይጀምረዋል። ፓራውልቱ ፕላስቲክ ነው፤ ሊቆይ ይችላል። የቀለሙን ቁጥር ከመኪናው ታርጋ ወረቀት ላይ አይደለም፣ አምራቹ ከለጠፈው ሰሌዳ ላይ ፈልጉ። የብዙዎቹ ነጭ ቶዮታዎች 040 ነው። ቁጥሩን ይዛችሁ ቀለም ቀማሚ ጋ ሂዱ፣ በትንሽ ብልቃጥ ያዘጋጅላችኋል። ቦታውን በአልኮል ጥረጉት፣ ይድረቅ፣ ከዚያ በስንጥር ጫፍ ጠብ አድርጉበት። አንዴ ወፍራም ከማድረግ ሁለት ሦስቴ በስሱ ይሻላል። የጥፍር ቀለም የሚያደርጉ አሉ። ውሃ እንዳይገባ ለጊዜው ይረዳል፣ መልኩ ግን ከሩቅ ያስታውቃል።

ልጁን ቅዳሜ ጠዋት፣ ነፋሱ ሳይነሳ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ። ብልቃጡ ከእሱ፣ ስንጥሩ ከእኔ። አዳማ ውስጥ በር ያለው ክፍል ውስጥ የሚለጥፍ ባለሙያ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩን፤ አዲስ አበባ ድረስ ከመሄድ ይገላግለዋል።