ለሱቅ ፕሮግራም የቱ ይሻላል፦ ትኪንተር ወይስ ፓይሳይድ?

የከዚራው፦
ሰላም ለቤቱ። ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ላለ ጨርቅ ቤት በፓይተን የዕቃ መቆጣጠሪያ እየሠራሁ ነው። ዳታቤዙ በኤስኪውላይት አልቋል፤ መስኮቱን በምን ልሥራው፣ በትኪንተር ወይስ በፓይሳይድ (ሁለቱም የፓይተን መስኮት መሥሪያዎች ናቸው)? ያለው ኮምፒውተር ዊንዶውስ 7፣ 32 ቢት፣ 2 ጊጋ ራም ነው። ሁሉም በአማርኛ፣ ቀኑም በእኛ አቆጣጠር እንዲሆን ይፈልጋሉ። የትዕዛዝ ወረቀት በ80 ሚሊ ሜትር ቴርማል ፕሪንተር ይወጣል።

ሳቢያን፦
አቦ፣ ማሽኑ ራሱ መርጦልሃል። ፓይሳይድ 6 ዊንዶውስ 10 እና 64 ቢት ካላገኘ አይነሳም። ዊንዶውስ 7ን የሚቀበለው የመጨረሻው ፓይተን ደግሞ 3.8 ነው (ሰርቪስ ፓክ 1 መኖሩን አስቀድመህ እይ)። ባለ32 ቢቱን ጭነህ በትኪንተር ሥራው፤ ከፓይተኑ ጋር አብሮ ይመጣል። በፓይኢንስቶለር (ፕሮግራሙን ፓይተን ሳይጫን እንዲነሳ በሚያሽገው) ስታሽገውም በዚያው ባለ32 ቢት ፓይተን ይሁን፤ በ64 ያሸግኸው እዚያ አይከፈትም።
ፎንቱ ኒያላ ይሁን፣ ዊንዶውስ 7 ላይ አለ። ደቃቅ ስለሆነ 14 አድርገው። የሰንጠረዡ ፊደል ሲተልቅ ግን የረድፉ ቁመት አብሮ አያድግም፤ 20 ፒክስል ላይ ይቀርና የፊደሉ እግር ይቆረጣል። በስታይሉ በኩል 30 አድርገው።

ጀጎል በር፦
ለዛሬ ትኪንተር ይሁን፤ ለዘለቄታው ግን የኔ ምርጫ ፓይሳይድ ነው። ምክንያቱ ሰንጠረዡ ነው፦ የትኪንተሩ የሰጠኸውን ረድፍ ሁሉ ይሸከማል፤ 20,000 ብታፈስበት ይንቀራፈፋል። የፓይሳይዱ የሚታየውን ብቻ ነው የሚጠይቀው። እስከዚያው ከዳታቤዙ 200 ረድፍ እየቆረጥክ አምጣ። ስሌቱንና የዳታቤዙን መጠይቅ በሌላ ፋይል ለይ፤ ኮምፒውተሩ ሲቀየር መስኮቱን ብቻ ትቀይራለህ። ፓይክዩት (የፓይሳይድ አቻ የሆነ ሌላ መሥሪያ) የሚልህ ካለ ፈቃዱን አንብብ፤ ጂፒኤል ነው፣ ኮዱን ሳልሰጥ ልሽጥ ካልክ ትከፍላለህ። ፓይሳይድ ላላ ባለው ፈቃድ በኤልጂፒኤልም ይገኛል።
ቀኑ ላይ ሁለቱም አያድኑህም። ትኪንተር የቀን መምረጫ የለውም፤ ክዩት (ፓይሳይድ የቆመበት) የፋርሱንና የሂጅራውን አቆጣጠር እያወቀ የኛን አያውቅም (ይገርማል)። ለቀን፣ ለወርና ለዓመት ሦስት መምረጫ ሳጥን ሥራ። ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ ጳጉሜን 6 ቀን ናት፣ አለዚያ 5። ዳታቤዙ ውስጥ ግን የጎርጎርዮሱን አስቀምጥ፤ ኤስኪውላይት 13ኛ ወር ያለበትን ቀን አስላ ሲሉት ባዶ ነው የሚመልሰው።

ሳቢያን፦
ፕሪንተሩም አለ። አብዛኞቹ ቴርማሎች የግዕዝ ፊደል በውስጣቸው የላቸውም፤ ጽሑፍ ከላክህ የጥያቄ ምልክት ወይም ዝባዝንኬ ይወጣል። በፒሎው (የፓይተን የሥዕል መሥሪያ) ጽሑፉን ጥቁርና ነጭ ሥዕል አድርገህ ላክ። የ80 ሚሊ ሜትሩ ወርድ ብዙውን ጊዜ 576 ነጥብ ነው። ፊደሉ ከ24 ፒክስል ካነሰ «ጠ» እና «ጨ» ይምታታሉ።

የከዚራው፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ በትኪንተር እጀምራለሁ። የወር ሪፖርት ሲሰላ መስኮቱ እንዳይደርቅ በሌላ ትሬድ (ጎን ለጎን በሚሄድ የሥራ መስመር) ላሠራው?

ጀጎል በር፦
አሠራው፤ ግን ከዚያ ትሬድ ሆነህ መስኮቱን አትንካ። ውጤቱን ወረፋ ውስጥ ክተት፣ መስኮቱ በየ100 ሚሊ ሰከንዱ ወረፋውን ይፈትሽ። የኤስኪውላይቱንም ግንኙነት እዚያው ትሬድ ውስጥ አዲስ ክፈት፤ በዋናው የተከፈተውን ከተጠቀምክ ስህተት ብሎ ያቆምሃል።