ዴልሂ ውስጥ እናቴን አንድ ምሽት የት ልጋብዛት?

ጥያቄ፦ እናቴን ለሕክምና ዴልሂ ይዣት መጥቼ ነበር። ተመስገን፣ ሐኪሙ ጨርሳችኋል ብሎናል። በሚቀጥለው ሳምንት እንመለሳለን። እስካሁን የበላነው ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ያለች ካፌ ውስጥ ነው። ከመሄዳችን በፊት አንድ ምሽት ዘነጥ ያለ ቦታ የሰሜን ሕንድ ምግብ ላበላት ፈልጌያለሁ። ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች። እባካችሁ ጥቁሙኝ።

መልስ፦ እንኳን እግዜር ማራቸው! እኔ ዴልሂ አራት ዓመት ተምሬያለሁ። በተማሪ ኪስ እነዚህ ቦታዎች አይሞከሩም። ያወቅኳቸው ቤተሰብ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ነው።

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚነግርህ ቡኻራን ነው። ቻናክያፑሪ፣ ኤምባሲዎቹ ሰፈር፣ አይቲሲ ማውርያ ሆቴል ውስጥ ነው። ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የምግብ ዝርዝሩ ግን እምብዛም አልተለወጠም። ሹካና ቢላ ጠረጴዛው ላይ የለም። ሽርጥ አንገትህ ላይ ታስርና በእጅህ ትበላለህ። ፈረንጆቹ በዚህ ሲገረሙ ታያለህ፤ እኛ ዘንድ ምሳ ማለት ያው እሱ ነው። ዳል ቡኻራ የሚሉት ስሙን ያስጠራው ምግብ ነው። ኡራድ የሚባል ጥቁር ጥራጥሬ ከቲማቲም፣ ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ሌሊቱን ሙሉ ቀስ ብሎ ይበስላል። በመጨረሻ ቅቤና ክሬም ይገባበታል። ሥጋ ከወደዳችሁ ሲካንዳሪ ራን አለ፤ ሙሉ የበግ ጭን ነው፣ ለሁለት ለሦስት ተካፈሉት። አንድ ነገር ብቻ፦ መቀመጫው ዱካ ነገር ነው፣ ዝቅ ይላል። ከሕክምና ለወጣ ሰው ወገብ አይመችም ብዬ እፈራለሁ።

ስለዚህ እኔ ብሆን እዚያው ሆቴል ውስጥ ዱም ፑኽት ነው የምወስዳቸው። ክፍሉ ጸጥ ያለ፣ ወንበሩ ወንበር ነው። ምግቡ ለክነው የምትባለው የሰሜን ሕንድ ከተማ፣ የድሮዎቹ ናዋቦች (ገዢዎቿ) ማዕድ ነው። ድስቱ በሊጥ ይታሸግና በእንፋሎቱ ብቻ በዝግታ ይበስላል። እንደሚወራው እ.ኤ.አ. በ1784 ረሃብ ሲገባ ናዋብ አሳፍ ኡድ ዳውላ ለሕዝቡ ሥራ እንዲሆን ትልቁን ኢማምባራ (የሺዓ ሙስሊሞች መሰብሰቢያ አዳራሽ) ያሠራ ነበር። ለሠራተኞቹ በትልልቅ ድስት ታሽጎ የሚበስለውን አንድ ቀን ቀመሰና ወደ ቤተ መንግሥቱ አስገባው ይላሉ። እውነት ይሁን ተረት፣ ቢሪያኒው (ሩዝ በሥጋ) ቀርቦ ሊጡ ሲሰበር የሚወጣው ሽታ ለብቻው ያጠግባል። ካኮሪ ከባብ የሚሉትን የተፈጨ ሥጋ ጥብስም እዘዝ። ሥጋው እጅግ ስለላመ ጥርስ አይፈልግም። ቅመሙ ለስላሳ ነው፤ ሚጥሚጣ የለመደ አፍ «ቃሪያ የለም እንዴ?» ማለቱ አይቀርም።

ሦስተኛው ዘ ሎዲ ሆቴል ያለው ኢንዲያን አክሰንት ነው። ዘመናዊ፣ ፋሽን የገባው። ብሉ ቺዝ በሚሉት አይብ የተሞላች ትንሽ ናን (የሕንድ ቂጣ) እዚያ በልቼ እስካሁን አልረሳኋትም። ለፍቅረኛሞች አንደኛ ነው። እናትህ ግን ትንንሽ ሳህኖች ሲደረደሩ አይተው «ዋናው ምግብ መቼ ነው የሚመጣው?» እንዳይሉህ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ጾሙ። ሕንድ ውስጥ አረንጓዴ ነጥብ ያለበት ምግብ ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል የለውም ማለት ነው። የጾም ነው ማለት አይደለም! ወተት፣ ቅቤ፣ ክሬም፣ ፓኒር የሚሉት አይብ ሁሉ አረንጓዴ ነው። አክስቴን ዓርብ ቀን አንድ ቦታ (ስሙ ይቅር) ወስጄ አስተናጋጁ «ፒዩር ቬጅ ማዳም» (ሥጋ የሚባል የለውም) ብሎ ማለላት። ሽምብራው ሲመጣ ላዩ ላይ ክሬም ተዥጎድጉዷል። እሷ ሮቲ የሚሉትን ቂጣ በሽንኩርትና በሎሚ በልታ ወጣች። እኔን ያየችበት ዓይን አሁንም አለ። ስለዚህ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ያዝ። የግድ በጾም ቀን ከሆነ ደግሞ «ቬጅ» አትበል፤ «ወተት፣ እርጎ፣ ቅቤ፣ ክሬም የሌለው፣ በዘይት የተሠራ» ብለህ አንድ በአንድ ንገራቸው። ናን ውስጥ ብዙ ጊዜ ወተት ወይም እርጎ አለ፤ ቅቤ ያልተቀባ ታንዱሪ ሮቲ ይሻላል።

ሂሳቡ ላይ አትደንግጥ። ዝርዝሩ ላይ ያለው ዋጋ ከግብር በፊት ነው፤ እንዲህ ባሉ ውድ ሆቴሎች 18 በመቶ ይጨመራል። ሰርቪስ ቻርጅ የሚሉት የመስተንግዶ ክፍያ ግን ግዴታ አይደለም። የሕንድ የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2022 አስገድዶ መጨመርን ከልክሏል፤ የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2025 አጽንቶታል። ካልፈለግክ አንሱልኝ በል።

ሌላ መልስ፦ ይሄ ሁሉ የሆቴል ወጪ ለምን? ዳርያጋንጅ ሰፈር ያለው ሞቲ ማሃል ሬስቶራንት ሂዱ። እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ ያለ ቤት ነው። ከፔሻዋር የመጣው ኩንዳን ላል ጉጅራል የከፈተው። በተር ቺክን (በቅቤና በቲማቲም ስልስ የተሠራ ዶሮ) የእኛ ፈጠራ ነው ብለው በ2024 ከሌላ ሬስቶራንት ጋር ፍርድ ቤት ድረስ ሄደዋል። ዶሮ ለአበሻ እናት ይሻላል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰውየው ዘነጥ ያለ ነው ያለው! ለታሪኩና ለዶሮው ከሆነ ግን ምሳ ላይ ሂዱ፣ እኔም እስማማለሁ። አዎ፣ ሳልረሳው፦ «መተን» ሲሉህ ብዙውን ጊዜ ፍየል ነው። የበሬ ሥጋ ደግሞ አትጠይቅ፤ ዴልሂ ውስጥ ከብት ማረድ በሕግ የተከለከለ ነው።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማክሰኞ ማታ ለ2 ሰዓት ዱም ፑኽት ያዝኩ። እናቴ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ቡና አላቸው?»

መልስ፦ ለ2 ስትል በእነሱ ለ8 መሆኑን አረጋግጥ! ቡናውስ የሆቴል ቡና ነው። በእሱ ፈንታ ከምግብ በኋላ የእንስላል ፍሬ ከስኳር ጋር ሲያመጡ ቆንጠር ያድርጉ፣ ሆድ ያቀላል። ጀበናውን ማረፊያችሁ ስትመለሱ ጣዱት።