የትልቋ ጀልባ የበረዶ ሳጥን ውሃ፦ ረቂቅ 2

ጸሐፊው፦
ለትልቋ የዓሣ ጀልባችን ጥገና የምናቀርበው ረቂቅ ይሄ ነው። ከበረዶ ሳጥኑ የሚወርደው ውሃ ከእንግዲህ ጀልባዋ ሆድ ውስጥ አይፈስም፣ በጎማ ቱቦ ወርዶ ክዳን ያለው ጀሪካን ውስጥ ይገባል። ሆዷ ውስጥ ለሚጠራቀመው ደግሞ ባለ 12 ቮልት ፓምፕ ይገዛል። የዛገው የሳጥኑ ሥር ይበየዳል። እስከ ዓርብ ያላችሁን በሉ፣ ሰኞ ለጽሕፈት ቤቱ አስገባለሁ።

ሞተረኛው፦
ጎማው እንደ እጅ መታጠቢያ ቱቦ እጥፍ ብሎ ትንሽ ውሃ መቋጠር አለበት፣ ይሄ ይጻፍልኝ። ቀጥ ብሎ ከወረደ ቅዝቃዜው በባዶው ጎማ ሲፈስ ያድራል። ደግሞ 100 ኪሎ በረዶ ስትጭን 100 ሊትር ውሃ ጫንክ ማለት ነው። ጣና ዳር ካለችው ከቁንዝላ ስንመለስ ግማሹ እግሬ ሥር ነው ያለው። ማዕበል ሲመታን ውሃው ባንድ ጎን ተጠቃሎ ይሄዳል፣ እሷም አብራው ትጋደማለች። ያን ዕለት ማን ማን እንደነበረ ታውቃላችሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
ጀሪካኑ ምን ዓይነት ነው? ቢጫው የዘይት ጀሪካን ከሆነ እኔ አልፈርምም። ሆቴሎቹ ዓሣ ሊረከቡ ወደቡ ላይ ቆመው እያዩ፣ ከዓሣው ጎን ቢጫ ጀሪካን ሲያዩ ናፍታ ነው የሚመስላቸው፣ ከዛ በኋላ አንተ ብትምል ብትገዘት ማን ይሰማሃል።

መረበኛው፦
ቢጫ ምን አደረገ? አገሩ በሙሉ ውሃ የሚቀዳው በቢጫ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
አገሩ ዓሣ ለሆቴል አያስረክብም።

ዓሣ ሻጯ፦
የተመለሰብኝ እኮ በጀሪካን ቀለም አይደለም። ቆሮሶ ዓሣው የቀለጠ ውሃ ውስጥ ተኝቶ ውሎ ገርጥቶ፣ ስጋው በጣት ሲነኩት ገባ ብሎ ስለቀረ ነው። ከሥር ያለውን ደርድሬ አሳይቻችኋለሁ። ደሙና ቅርፊቱ ደግሞ ወለሉ ሥር ገብቶ ይሸታል። ሽታው እኔን ተከትሎ ቤት ድረስ ይመጣል።

መረበኛው፦
ሰማያዊ ይሁንላቸውና እንለፍ።

ገንዘብ ያዥ፦
«ይሁንላቸው» ማለት ምን ማለት ነው? እኔ ለራሴ ነው እንዴ የምናገረው?

የዘጌው፦
አንድ ጥያቄ። ጀሪካኑ 20 ሊትር ነው። ውሃው 100 ነው ተብሏል። እንዴት ነው?

መረበኛው፦
ለራስዎ ነው ያለ ሰው የለም ጋሼ። ግን ባለፈው ዓመትም የመረቡ ቀለም ላይ አንድ ወር ፈጀን። መረቡም እስከ ዛሬ አልተገዛም።

ገንዘብ ያዥ፦
የመረቡ ገንዘብ ካዝና ውስጥ ነው። ደረሰኝ ማየት የሚፈልግ ይምጣ። አንተ መጀመሪያ የሦስት ወር መዋጮህን ክፈል።

ሊቀ መንበሩ፦
ተዉ እንጂ። ሰው ያነበዋል።

ወጣቱ፦
የፓምፑን ዋጋ ነገ ገበያ ወጥቼ ጠይቄ እጽፍላችኋለሁ።

የዘጌው፦
ሌላም አለ። ፓምፑ ወደ ሐይቁ ሲተፋ ከሞተሩ የሚንጠባጠበው ዘይት አብሮ ይወጣል። ጣና በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ባዮስፌር፣ ማለትም ተፈጥሮው የሚጠበቅ ስፍራ፣ ብሎ የመዘገበው ሐይቅ ነው። እምቦጩ አንሶን ዘይት እንጨምርበት?

ሞተረኛው፦
ልክ ነህ። ሞተሩ ሥር የቆርቆሮ ሳህን ይግባና ዘይቱ እዛው ይቅር። ፓምፑ አፍ ላይም ወንፊት ይደረግ፣ ቅርፊቱ በሁለት ቀን ያንቀዋል።

ገንዘብ ያዥ፦
ይቅርታ፣ ትናንት ተናድጄ ነው። መረበኛው ደውሎልኛል፣ ተነጋግረናል። ሰማያዊ ከሆነ ግን ጀልባዋም ሰማያዊ ብትቀባ አይሻልም? ዝገቷ ከሩቅ ይታያል።

መረበኛው፦
እስማማለሁ። ስሟም በትልቁ ይጻፍባት፣ አሁን የቱሪስቶቹ ጀልባዎች አጠገብ ስትቆም ታሳፍራለች።

ሊቀ መንበሩ፦
ጽሕፈት ቤቱ የሚታይ ሥራ ነው የሚወደው። ቀለሙን አንደኛ አድርጉት።

ዓሣ ሻጯ፦
ሳጥኑስ?

ሊቀ መንበሩ፦
አለ፣ አለ። ወጣቱ የፓምፑን ዋጋ እስኪያመጣ ነው።

የዘጌው፦
ወጣቱ የት ሄደ?

ጸሐፊው፦
ስልኩ አይነሳም። ረቂቅ 3 እንዲህ ሆኗል። ቀለም፣ የስም ጽሑፍ፣ የብየዳ ሥራ፣ ሰማያዊ ጀሪካን አንድ። ፓምፑና የዘይት ሳህኑ ለሚቀጥለው ዙር ተላልፈዋል። የጎማው እጥፋት ስዕል ስለሚፈልግ አላስገባሁትም።

የዘጌው፦
አንድ ጀሪካን?

ሞተረኛው፦
የናንተን አላውቅም። እኔ ዛሬ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወደብ ወርጄ ሆዷ ውሃ ሞልቶ ጠበቀኝ። ውሃ የምጭልፍባት ቢጫ የጀሪካን ቁራጭ ከቦታዋ የለችም። ማን ነው የጣላት?

ገንዘብ ያዥ፦
እሷ ያንተ ነበረች እንዴ?