መሬቱ ከባሕሩ 600 ሜትር ነው፤ እንሂድ ወይስ እንቅር?

ጓዝ ጠቅላይ፦
ጎበዝ፣ አንድ ነገር ላንሳና ተከራከሩበት። እኔና ባለቤቴ ከተማ ሰልችቶናል። የእኔ ሥራ በኢንተርኔት ነው። እሱ ደግሞ ባገኘው ጣሳ ሁሉ አፈር ሞልቶ አንድ ነገር ካልተከለ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። አሁን ባሕር ዳርቻ ባለ ገጠር ውስጥ ሁለት ሄክታር የእርሻ መሬት ከነቤቱ አግኝተናል። ከባሕሩ 600 ሜትር ይርቃል፣ የውሃ ጉድጓድ አለው። ሁለት ልጆች አሉን፣ የ7 እና የ11 ዓመት።

ጥያቄዬ ግን ስለ እኛ ብቻ አይደለም። እንደኛ ያለ ከተሜ ወደ እንዲህ ያለ መንደር መጉረፉ ደግ ነው ወይስ ጥፋት? አንዱ ዘመዴ "መንደሩን ታድኑታላችሁ" ይለኛል። ሌላዋ "የሰው መሬት ልትሻሙ ነው" ትለኛለች። እናንተስ?

ነፋስ ለምዴ፦
እህቴ፣ ሂዱ። እኔ ከወጣሁ 8 ዓመቴ ነው፤ አንድም ቀን አልቆጨኝም። ውሸት ነው፣ ሁለት ቀን ቆጭቶኛል። ሁለቱንም ቀን ጣሪያው ሄዶብኝ ነው።

ባሕር ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ዳርቻው ከመሀል አገር ይልቅ ውርጭ ያንሰዋል፣ ሙቀቱም ያን ያህል አያነድም። አትክልት ለሚወድ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ማዕበሉ የሚተፋው የባሕር አረምም ፖታሲየም ያለው ማዳበሪያ ነው። በአየርላንድ የአራን ደሴቶች ገበሬዎች በራቁት ድንጋይ ላይ አሸዋና የባሕር አረም እየደራረቡ አፈሩን ራሳቸው ሠርተው ድንች አብቅለውበታል። የሰው ልጅ አይበገርም እኮ!

መንደሩንም ትጠቅማላችሁ። የገጠር ትምህርት ቤት የሚዘጋው ብዙ ጊዜ ልጅ ጠፍቶ ነው። የእናንተ ሁለት ልጆች ለከተማ ምንም አይደሉም። 20 ተማሪ ለቀረው ትምህርት ቤት ግን ከአሥር አንድ ናቸው።

አሮጌ ገበሬ፦
ልጄ፣ ይህ ወንድምሽ ያለው እውነት ነው። ግን እስካሁን የነገርሽን ስለ ባሕሩ ነው። ስለ ውሃው ምንም አላልሽም።

እኔ ባሕር ዳር 40 ዓመት አርሻለሁ። አንድ ዓመት ቦሎቄ ዘርቼ ጥሩ በቀለልኝ። ከዚያ የቅጠሉ ጠርዝ ቡናማ ሆነ። እሳት አጠገብ እንደተያዘ ወረቀት ዳር ዳሩ ብቻ ተቃጠለ፤ መሀሉ አረንጓዴ ነው። ስነካው ይንኮሻኮሻል። ጠማው ብዬ ውሃ ጨመርኩ። ባሰበት። ደግሜ ጨመርኩ። አንድ ጠዋት ቦዩ ዳር ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነገር አየሁ። በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት። ለካ ውሃ መስሎኝ የማጠጣው ጨው ኖሯል።

ጉድጓዱ ያው የድሮው ጉድጓድ ነው። አባቴ የጠጣበት ነው። የተለወጠው ከላዬ ያሉ ሦስት እርሻዎች ትልልቅ ፓምፕ ማስገባታቸው ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል የሰማሁት ስለ ወንዝ ነበር። ለካ ከመሬት በታችም ያሳስቃል።

ጉድጓድ ቆፋሪ፦
ጋሼ ያሉትን እኔ በቁጥር ልንገራችሁ፤ እንጀራዬ ነው።

ባሕር ዳር መሬት ውስጥ ያለው ጨው አልባ ውሃ በጨዋማው ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ነው፤ ዘይት ውሃ ላይ እንደሚንሳፈፍ ማለት ነው። የባሕር ውሃ በትንሹ ይከብዳል። ጋይበንና ኸርዝበርግ የሚባሉ ሁለት ሰዎች በየፊናቸው የደረሱበት ስሌት አለ። በጉድጓድሽ ያለው ውሃ ከባሕር ጠለል 1 ሜትር ከፍ ካለ፣ ከጠለሉ በታች ወደ 40 ሜትር ገደማ ጥሩ ውሃ አለሽ ማለት ነው። ደስ ይላል አይደል? አሁን ገልብጪው። በፓምፕ ግማሽ ሜትር ዝቅ ካደረግሽው፣ ጨዋማው ከሥር ወደ 20 ሜትር ሊነሳ ይችላል። ወዲያው አይነሳም፤ ጊዜ ይወስዳል፣ እንደ ድንጋዩና እንደ አሸዋው ዓይነትም ይለያያል። ችግሩም ይኸው ነው። ስታጠፊ አይታይሽም። ሲታይሽ ደግሞ ለመመለስ ዓመታት ይፈጃል።

ውሃን ለማበላሸት ብዙ አያስፈልግም። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው። በ100 ሊትር ጥሩ ውሃ ላይ 3 ሊትሩ ብቻ ቢቀላቀል በሊትር 1 ግራም ገደማ ይሆናል። ያኔ ለመጠጥም ጣዕሙ ያስጠላል።

ምን እንደምትዘሩም ይወስነዋል። የአፈር ጨው በዴሲሲመንስ በሜትር ይለካል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ጨዉ ጨመረ ማለት ነው። ገብስ እስከ 8 ድረስ ምርቱን ሳይቀንስ ይችላል፣ ስንዴ እስከ 6። ቲማቲም 2.5 ላይ መቀነስ ይጀምራል። ሽንኩርት 1.2፣ ቦሎቄ፣ ካሮትና እንጆሪ 1 ላይ። ባለቤትሽ በጣሳ የሚተክለው የትኛውን ነው?

ጓዝ ጠቅላይ፦
እንጆሪና ካሮት። (አትሳቁ።)

ነፋስ ለምዴ፦
ኧረ አታስፈራሯት! ለዝናብ ውሃ ጣሪያ አለ አይደል? በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 1 ሊትር ነው። 150 ካሬ ጣሪያ ካላት፣ በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ከዘነበ፣ 90,000 ሊትር ነው። ታንከር ማስቀመጥ ነው እንጂ!

አሮጌ ገበሬ፦
ለቤት ይበቃል፤ እግዜር ይስጥልኝ ብላ ትጠጣው። ለእርሻ ግን አስላው እስቲ። በደረቅ ወቅት አዝመራ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይጠጣል። በሄክታር 50,000 ሊትር ነው። ሁለት ሄክታር አላት። የዓመቱ የጣሪያ ውሃህ አንድ ቀን አያውላትም።

ነፋስ ለምዴ፦
ተሸነፍኩ። እኔ የማለማው ሩብ ሄክታር ስለሆነ አልታየኝም። ደግሞ በካዙዋሪና አጥሬዋለሁ፤ ብዙዎቻችን ሸውሸዌ የምንለው ዛፍ ነው፣ ጨዋማ ነፋስ ይችላል። አደራ፣ ለነፋስ ብላችሁ ግንብ እንዳትሠሩ። ግንብ ነፋሱን አሽቀንጥሮ ከኋላው እንዲዞር ያደርገዋል። ወንፊት የመሰለ የዛፍ ረድፍ ነው የሚያበርደው።

የመንደሩ ልጅ፦
ይህን ሁሉ ስለ ካሮት ስታወሩ ታገስኳችሁ። ጥያቄዋ እኮ "ለመንደሩስ?" የሚል ነበር።

እኔ እንደዚህ ያለ መንደር ውስጥ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ማታ በረንዳ ላይ ቆሜ መብራት የመቁጠር ልማድ ነበረኝ። ልጅ ሆኜ 31 ቤት ይበራ ነበር። ባለፈው ዓመት እንግዳ በማይመጣበት ወቅት ሄጄ ቆጠርኩ። 9። ቤቶቹ አልፈረሱም። እንዲያውም ያኔ ካየኋቸው ያምራሉ፣ መስኮታቸው ትልቅ ሆኗል። ባለቤቶቹ የሉም። ወንድሜ ተጋብቶ በአባቱ መንደር ቤት መግዛት አልቻለም፤ ከአውቶቡስ መንገዱ ማዶ ተከራይቶ ወደ እርሻው ይመላለሳል። መሬት የሚተመነው በሚሰጠው ምርት መሆኑ ቀርቶ በሚታየው ባሕር ሆነ። ማን ገብስ ዘርቶ የባሕር እይታ ዋጋ ይከፍላል?

ስለዚህ እህቴ፣ በግልሽ ክፉ ሰው እንዳልሆንሽ አውቃለሁ። ግን አትምጪ።

ነፋስ ለምዴ፦
ይህ ልክ አይደለም። አንተ የምትከሰው በዓመት ሁለት ሳምንት የሚመጣውን የዕረፍት ቤት ገዢ ነው። እሷ ዓመቱን ሙሉ ልትኖር፣ ልጅ ልታስተምር ነው የምትመጣው። ሁለቱን አንድ ላይ አትጨፍልቃቸው።

የመንደሩ ልጅ፦
ሻጩ ይለያቸዋል? እሷ የምትከፍለው ዋጋ ነገ የጎረቤቱ መሬት መነሻ ዋጋ ይሆናል። ደግሞ ከሚመጡት ስንቱ ነው የሚቆየው? ሁሉም ሲመጣ "ለዘላለም" ይላል።

የሌሊት ተረኛ፦
ነርስ ነኝ፤ አጭር ነገር ላስገባ። በረጋ ደም ለሚመጣ ስትሮክ የሚሰጠው ማሟሟያ መድኃኒት፣ ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ካልደረሰ ብዙውን ጊዜ አይሰጥም። ጉዞው፣ ምርመራው፣ ሲቲ ስካኑ ሁሉ ከዚያው ላይ ነው የሚቀነሰው። ከቤቱ ተነስታችሁ ሲቲ ስካን ያለበት ሆስፒታል ድረስ ንዱ፤ ሌሊት፣ በዝናብ። በካርታ የሚታየውን ደቂቃ አትመኑ። እናንተ ዛሬ ወጣት ናችሁ፤ ወላጆቻችሁ ግን አብረዋችሁ ይመጡ ይሆናል።

ጓዝ ጠቅላይ፦
እናቴ አብራን ናት። ይህን አላሰብኩም ነበር።

ጉድጓድ ቆፋሪ፦
አንድ የረሳነው አለ፤ ባሕሩ ራሱ። በተመራማሪዎች ግምት ከ1901 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. የዓለም የባሕር ጠለል በአማካይ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሏል። ፍጥነቱም ጨምሯል፤ ከ2006 እስከ 2018 በዓመት 3.7 ሚሊ ሜትር ነበር። ትንሽ ይመስላል። ዳርቻው አሸዋ ከሆነ ግን የሚያሳስበው ወደ ላይ መነሳቱ ሳይሆን ወደ ጎን ገብቶ የሚበላው መሬት ነው።

ከዚያ የሚመጣው የመንግሥት ጥያቄ ነው፤ ባሕሩን የሚከላከለውን ግንብ ማን ይሠራል? በዌልስ ፌርቦርን የሚባል የባሕር ዳር መንደር አለ። የአካባቢው ምክር ቤት መከላከያውን እስከ 2054 እ.ኤ.አ. ብቻ ጠብቆ ከዚያ ሰዉን ለማንሳት እንዳቀደ ሲሰማ፣ ቤት መሸጥ ከባድ ሆነ፣ በቤቶቹ ላይ የባንክ ብድር ማግኘትም እንደዚያው። ባሕሩ ገና አልገባም። ቀኑ መነገሩ ብቻ በቃ። ስለዚህ ለዚያ ዳርቻ የወጣ ዕቅድ ካለ ሳታነቡ አትፈርሙ።

ነፋስ ለምዴ፦
ታዲያ ግንብ መሥራት ነዋ! ኔዘርላንድ ግማሽ አገሯን በዚሁ ዓይነት ነው ያቆመችው።

አሮጌ ገበሬ፦
ኔዘርላንድ አገር ናት፣ ያንተ መንደር ስንት ሰው አለው? እነሱም በ1953 እ.ኤ.አ. ማዕበሉ ግንቡን ሲሰብርባቸው 1,836 ሰው ሞቶባቸዋል። ጨው የጠጣውን ማሳም ጂፕሰም የሚባል ካልሲየም ያለው ማዕድን እየነሰነሱ ነው ያዳኑት፤ ካልሲየሙ ሶዲየሙን ከአፈሩ ያስለቅቀዋል፣ ከዚያ ዝናብ ያጥበዋል። ደግሞ አንዱ ፊት ለፊት የቆመ ግንብ ለጎረቤቱ የሚደርሰውን አሸዋ ያስቀርበታል። የእኔ ማሳ ተረፈ ብዬ የወንድሜን ላስበላ?

የመንደሩ ልጅ፦
ጋሼ እንዳሉት ነው። ከመጤው ገንዘብ ጋር የግንብ ጥያቄውም ይመጣል። ድሮ ባሕሩ ሲጠጋ ቤቱን ወደ ኋላ እንሠራ ነበር። አሁን ውድ ቤት ያለው ሰው መንግሥትን ግንብ አምጣ ይላል። እርሻ ብቻ ያለን ሰዎች ጠይቀን ማንም አልሰማንም ነበር።

ነፋስ ለምዴ፦
እሱ እንኳን መጤ መኖሩ ጠቀመ ማለት አይደለም? ቢያንስ የሚሰማ አፍ አገኛችሁ።

የመንደሩ ልጅ፦
አፉ የእኛ ቢሆን እሺ ባልኩ።

ጓዝ ጠቅላይ፦
እስካሁን ዝም ያልኩት እያነበብኩ፣ እየደወልኩም ስለነበር ነው። ሻጩን "ጉድጓዱን በደረቁ ወቅት መጨረሻ፣ ፓምፑ ቀኑን ሙሉ ከሠራ በኋላ መለካት እፈልጋለሁ" አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ "ውሃው ጥሩ ነው፣ እኛ እንጠጣዋለን እኮ" አለኝ። እኔ የጠየቅሁት እሱን አልነበረም። ለመስኖ ስንት ዓመት እንደተጠቀሙበት ስጠይቀው ደግሞ "ድሮ" አለኝ።

ስለዚህ አሁን አንገዛም። ባለቤቴ አኩርፏል፣ ይለፍለታል። እዚያው መንደር ውስጥ ተዘግቶ የሚከርም ቤት አግኝተን ለአንድ ዓመት ልንከራይ ነው፤ ሆስፒታሉም በ35 ደቂቃ ይደረሳል፣ በሌሊት ነድተን ለክተነዋል። ልጆቹ እዚያው ይማራሉ። መሬት የምንነካ ከሆነም ከሚያርስ ሰው በኮንትራት ይሆናል፣ ከባሕሩ ራቅ ያለ። የመንደሩ ልጅ፣ ይህስ ይከፋሃል?

የመንደሩ ልጅ፦
ኪራዩንም ታስወድዱታላችሁ። ወንድሜም ተከራይ ነው ብያለሁ። ግን ተዘግቶ የሚከርም ቤት ከሆነ… እሱን ለብቻው አየዋለሁ።

ጉድጓድ ቆፋሪ፦
ኪራይም ቢሆን የጨው መለኪያዋን ያዢ። እስክሪብቶ የምታህል ነገር ናት። በየወሩ አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት ለክተሽ ጻፊው። አንድ ልኬት ምንም አይነግርሽም፤ 12ቱ ይነግሩሻል።

ጓዝ ጠቅላይ፦
እሺ። ካሮቱስ?

አሮጌ ገበሬ፦
ካሮቱን በጣሳው። የጣሪያ ውሃ ይበቃዋል።

የመንደሩ ልጅ፦
አሁንም አልተስማማሁም። ግን ከመጣችሁ የበረንዳውን መብራት አብሩት። ስሄድ እቆጥራለሁ።