«ሰው ይዘሽ ነይ»፦ የሚጥል ሕመም ያለበት ሰው ብቻውን መሳፈር የለበትም?

የአዘዞዋ፦
ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ አንዲት እህት የጻፈችውን አንብቤ ንዴቴ እስካሁን አልበረደም። ላላነበባችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ልጅቱ የሚጥል ሕመም አለባት። መድኃኒቷን በሥርዓት ትወስዳለች። ከጎንደር ባሕር ዳር ለመሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባች። ለረዳቱ በትሕትና ነገረችው። «ድንገት ቢጥለኝ አትደንግጡ፣ በር አጠገብ ባልቀመጥ ደስ ይለኛል» አለችው። እሱም ብሯን መልሶ «ሰው ይዘሽ ነይ» አላትና አወረዳት። የባሰ ያናደደኝ ደግሞ ከሥር የተጻፈው ነው። ስንቱ ሰው «ልክ ነው፣ ሰው ትያዝ» አለ! ሥራ ያላት፣ ራሷን የምታስተዳድር ሴት እኮ ናት። በየጉዞው ሥራውን ጥሎ የሚከተላት ሰው ከየት ታምጣ? የሁለት ሰው ታሪፍስ ማን ይከፍልላታል?

የባሕር ዳር መስመር ሹፌር፦
እህቴ፣ ንዴትሽ ይገባኛል። መሪ የያዝኩት ግን እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ እንፍራንዝን አልፈን አንድ ወጣት መኪና ውስጥ ጣለው። ሰው ሁሉ ጮኸ። አንዱ ክብሪት ጫረ፣ አንዱ ማንኪያ አምጡ አለ፣ አንዷ ካልወረድኩ ብላ በሩን ልትከፍት ታገለች። እኔ መንገዱን ልይ ወይስ ልጁን? አንድ ነገር ቢሆን ፖሊስ ጣቢያ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ወንድሙ አብሮት ቢሆን ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። ሰው ይያዙ ማለት ክፋት አይደለም።

የማራኪ ነርስ፦
ወንድሜ፣ የጻፍከውን እስቲ መልሰህ አንብበው። የጮኸው፣ ክብሪት የጫረው፣ በር ሊከፍት የታገለው ሌላው ተሳፋሪ ነው። ታዲያ መውረድ ያለበት የታመመው ነው?
ሲጥለው የሚደረገው ብዙ አይደለም። ዳር ይዘህ ትቆማለህ። ሰውየውን ወደ ጎን ታስተኛዋለህ። ወንበር ላይ ከሆነ ጭንቅላቱን ደግፈህ ወደ ጎን ታዘነብለዋለህ። ራሱ እንዳይመታ ጋቢም ሆነ ጃኬት ከሥር ታደርጋለህ። አንገቱ ላይ ያጠበቀውን ታላላለህ። አፉ ውስጥ ምንም አይገባም። ማንኪያው ጥርስ ይሰብራል። እጅና እግሩን ጨምድዶ መያዝም የለም። ክብሪት ማሽተት ለሕመሙ ምንም አያደርግም፤ መኪና ውስጥ እሳት መጫር ግን ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ከዚያ ሰዓት ታያለህ። አብዛኛውን ጊዜ በ2 እና 3 ደቂቃ ውስጥ በራሱ ይቆማል። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ግን ቅርብ ወዳለው ጤና ተቋም ውሰደው። ይሄን ለማወቅ የሥጋ ዘመድ መሆን አያስፈልግም።

ያራዳ ባለሱቅ፦
ሚኒባስ ውስጥ እኮ ሰው ተጣብቆ ነው የሚቀመጠው። አረፋው የነካውን ሰው ይይዘዋል ሲባል ነው ያደግነው። አጠገቧ ሕፃን የያዘች እናት ብትሆንስ?

የማራኪ ነርስ፦
ጋሼ፣ አይተላለፍም። በምራቅም፣ በትንፋሽም፣ በመንካትም አይተላለፍም። የአንጎል የኤሌክትሪክ ሥራ ለአፍታ ሲዛባ የሚመጣ ነገር ነው። ሰው መንገድ ላይ ወድቆ ማንም ሳይነካው የሚቀረው በዚህ ወሬ ምክንያት ነው። እሳት ላይ ወድቀው ማንም ሳያነሳቸው የተቃጠሉ ሰዎች አክሜያለሁ። እባክዎ ይሄን ወሬ አይድገሙት።

የደባርቅ ልጅ፦
እኔ ሕመሙ አለብኝ። ብቻዬን እስከ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። «ሰው ያዝ» የምትሉኝ ሰዎች እንዴት እንደምጓዝ ጠይቃችሁኝ አታውቁም።
እኔን የሚያሰጋኝ እንቅልፍ ማጣት ነው። አውቶቡስ ሌሊት 11 ሰዓት መናኸሪያ ድረስ ይላል። ስለዚህ ከደባርቅ ቀደም ብዬ ወርጄ ጎንደር አድራለሁ፣ በጊዜ እተኛለሁ። መድኃኒቴን ጣራ ላይ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አላደርግም። ኪሴ ውስጥ ነው። ከሚያስፈልገኝ በላይ እይዛለሁ። መንገድ ሲዘጋ ስንት ቀን መሐል ላይ እንደሚታደር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አንድ ቀን መዝለል ብቻውን ሊጥል ይችላል። የመድኃኒቴን ስምና የወንድሜን ስልክ በወረቀት ጽፌ ከመታወቂያዬ ጋር አኖራለሁ። አጠገቤ ለተቀመጠ ሰው እነግራለሁ። ጥር 11 ፋሲለደስ እሄዳለሁ፣ ከሕዝቡ ጋር አከብራለሁ። ውሃው ውስጥ ግን አልዘልም፤ ውሃ ውስጥ ከጣለ መትረፍ ከባድ ነው።

የባሕር ዳር መስመር ሹፌር፦
እንግዲህ ራስህ ተናገርከው። ውሃ ውስጥ አልገባም አልክ። ገደብ አለ ማለት ነዋ! እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው።

የደባርቅ ልጅ፦
የውሃውን ገደብ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ከሐኪሜ ጋር ተነጋግሬ። ሕመሜን የሚያውቀው እሱ ነው። አንተ የምታውቀው ስሙን ብቻ ነው። ተሳፋሪ መሆንና መሪ መያዝም አይምታታብህ። አሁንም እየጣለኝ መኪና ልንዳ ብል አንተ ሳትከለክለኝ እኔው እተዋለሁ።

ተጠማቂ፦
ለምን ትጨቃጨቃላችሁ? መድኃኒቱን ትታ ጸበል ትጠመቅ። ስንቱ ድኗል።

የማራኪ ነርስ፦
ጸበሏን ትጠመቅ፣ እኔም እጠመቃለሁ። «መድኃኒቱን ትታ» የሚለውን ግን አጥፋው። በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ሳያቋርጥ ሊደጋግም ይችላል። በዚያ ሰው ይሞታል። በጾምም ቢሆን ሰዓቱ አይዛነፍም። መድኃኒቱን በትክክል ከወሰዱ ከ100 ሰው እስከ 70 የሚሆነው ሳይጥለው መኖር እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል።

የሕግ ተማሪ፦
ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ላይ የመዘዋወር ነጻነት ይላል። ከታመመ ሰው በቀር ብሎ የለየው የለም።

የባሕር ዳር መስመር ሹፌር፦
አንቀጹ መኪና ውስጥ አብሮኝ አይሳፈርም ወንድሜ። ለሹፌርና ለረዳት ይሄን ያስተማረ አለ? የለም። እስከዚያ ድረስ ሰው ትያዝ።

የአዘዞዋ፦
እስከዚያ ድረስ ማለት እስከ መቼ ነው? ልጅቱ እውነቱን ስለተናገረች ወረደች። ሌላ ጊዜ ትናገራለች? አትናገርም። ዝም ብላ በር አጠገብ ትቀመጣለች። ብትወድቅ ማን መሆኗንም፣ ምን እንደሚያስፈልጋትም የሚያውቅ የለም። ሰው ትያዝ ስትሉ ያመጣችሁት ይሄን ነው። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ከ30 ዓመት በላይ በፊት ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት አጥንተው ከ1000 ሰው በ5 ያህሉ ላይ ሕመሙን አግኝተዋል። አንተም በየወሩ ሳታውቅ ስትጭናቸው ኖረሃል። የነገረችህ ትሻልሃለች ወይስ የደበቀችህ?

ያራዳ ባለሱቅ፦
ስለ ክብሪቱ ግን ነርሷ ተሳስታለች። የአጎቴን ልጅ እናቴ በክብሪት ነው ስታነቃው የኖረችው። በዓይኔ አይቻለሁ።

የማራኪ ነርስ፦
ክብሪቱ እስኪጫር ድረስ ሕመሙ ራሱ ጨርሶ ነው። እናትዎ ደግ ሠርተዋል፣ ትተውት አልሄዱም። ቀጥሎ ግን በጎኑ ያስተኙት።

ያራዳ ባለሱቅ፦
አልቀበልም።

የደባርቅ ልጅ፦
ሹፌሩ፣ የአዘዞዋ ጠይቃህ አልመለስክም። ሰኞ ባሕር ዳር እሄዳለሁ። በአንተ መኪና ልሳፈርና ልንገርህ። ታወርደኛለህ?

የባሕር ዳር መስመር ሹፌር፦
እኔ ተቀጣሪ ነኝ። የመኪናው ባለቤት ተሳፋሪ አማረረ ብሎ ቢያባርረኝ ልጆቼን አንተ ታበላልኛለህ?

የአዘዞዋ፦
እንግዲያው የባለቤቱን ስልክ በውስጥ ላክልኝ። ዛሬውኑ ደውዬ እጠይቀዋለሁ።