የጉዲፈቻ ወጪ ድጋፍ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ ረቂቅ

ፀሐፊ፦ ሰላም ወገኖች። እሁድ የጀመርነውን እዚህ እንጨርስ። ኢትዮጵያ በ2018 እ.ኤ.አ. ለውጭ ዜጎች የሚሰጥ ጉዲፈቻን ስላቆመች፣ የምንነጋገረው እዚሁ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ስላሉ ልጆች ነው። ረቂቁ «ማኅበሩ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ 3,000 ዶላር ይለግስ» ይላል። ምን ትላላችሁ?

ገንዘብ ያዥ፦ ልገሳውን አልደግፍም። ጥቂት ቤተሰብ ረድተን ካዝናው ይራቆታል። ያለ ወለድ እናበድር፣ ገንዘቡ ይዙር። የፌዴራል የጉዲፈቻ ታክስ ክሬዲት (መንግሥት ለጉዲፈቻ ወጪ ከታክስ የሚቀንሰው) ጣሪያ ለ2025 በአንድ ልጅ 17,280 ዶላር ነው። ከዚህ እስከ 5,000 የሚሆነው ታክስ ባይኖርብንም እጃችን ይገባል። ቀሪው ካለብን ታክስ ላይ ይቀነሳል፤ ካላለቀ እስከ አምስት ዓመት ይሻገራል። የገቢ ገደብም አለው። ችግሩ ይህ ሁሉ የሚመጣው ታክስ ከተሠራ በኋላ መሆኑ ነው። ኤጀንሲውና ጠበቃው እስከዚያ አይጠብቁም። እኛ መድረስ ያለብን እዚህ ላይ ነው።

አንዲት አባል፦ ጋሼ እውነትዎን ነው። እኔና ባለቤቴ ለሆም ስተዲ (ቤታችንና ቤተሰባችን ለሚታይበት ምርመራ) ከፈልን፣ ለአሻራ ከፈልን፣ ለሐኪም ወረቀት ከፈልን። ሶሻል ወርከሯ የጭስ ማንቂያውን ሳይቀር እየተጫነች ሞከረች። ልጅ ገና አላየንም። ከፎስተር ኬር፣ ማለትም መንግሥት በጊዜያዊ አሳዳጊ ዘንድ ካስቀመጣቸው ልጆች ቢሆን ግን ወጪው በጣም ትንሽ ነው፣ ብዙ ጊዜም ምንም የለውም። ማንም ቀድሞ አልነገረንም። ረቂቁ በዚህ ይጀምር።

ሶሻል ወርከር የሆነች አባል፦ ልክ ነሽ እህቴ። ከፎስተር ኬር ዕድሜያቸው ከፍ ያሉ ወይም ከወንድም እህቶቻቸው ጋር አብረው የሚሄዱ ልጆች ወርሃዊ ድጎማና ሜዲኬይድ (የመንግሥት የጤና መድን) ሊያገኙ ይችላሉ። የጠበቃና የፍርድ ቤት ወጪም በልጅ እስከ 2,000 ዶላር ሊመለስ ይችላል። ግን አደራ፣ የድጎማው ውል ፍርድ ቤቱ ጉዲፈቻውን ከማጽደቁ በፊት ይፈረም። ከዚያ በኋላ ማስተካከል መከራ ነው።

ሌላ አባል፦ የባለቤቴን ልጅ በጉዲፈቻ ብወስድስ?

ገንዘብ ያዥ፦ ወንድሜ፣ እሱ ክሬዲቱ ውስጥ አይገባም። ከማኅበሩ ግን መበደር ትችላለህ ባይ ነኝ። ሁላችሁም መሥሪያ ቤታችሁን ጠይቁ፤ ለጉዲፈቻ የሚከፍሉ አሠሪዎች አሉ።

አንዲት አባል፦ ወላጅ እናት መጨረሻ ላይ ሐሳቧን ብትቀይርስ? መብቷ ነው። ግን ያ ቤተሰብ ልቡ ተሰብሮ ዕዳ ሊከፍል ነው?

ፀሐፊ፦ ይህን እንጨምር፦ «ጉዲፈቻው ካልተሳካ የብድሩ ክፍያ ለአንድ ዓመት ይቆማል።» ሌላው እንዲህ ይሁን፦ ብድሩ በቀጥታ ለኤጀንሲው ወይም ለጠበቃው ይከፈላል፤ ተበዳሪው ሪፈንዱ (የታክስ ተመላሹ) ሲገባ ይመልሳል፣ የተረፈውን በየወሩ። የቀረን የዋስ ጉዳይ ነው፤ አንድ ዋስ ይበቃል ወይስ ሁለት? እስከ ሐሙስ ጻፉልኝ።